ዕጣው ቬትናም ወጣብን፣ ከየት እንጀምር? የአንድ ክር ጥያቄና 28 መልሶቹ

ጥያቄውን በኢንተርኔት መወያያ ክር ላይ የለጠፈችው ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምትማር የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። የጂኦግራፊ መምህራቸው ክፍሉን አምስት አምስት አድርጎ ከፍሎ አገር በዕጣ አደላቸው፤ ለእነሱ ቬትናም ደረሰች። አሥር ደቂቃ ገለጻ፣ አምስት ደቂቃ ጥያቄ፣ የዝግጅት ጊዜው ሁለት ሳምንት። ያላቸው ሁለት ስማርት ስልክና የአንዷ ወንድም የሚያውሳቸው ላፕቶፕ ነው። የሕዝቡን ብዛት ብትፈልግ አንዱ ገጽ 96 ሚሊዮን፣ ሌላው 98.9፣ ሦስተኛው 100.3 ሚሊዮን ይላታል። ክፍለ አገሮቹም አንድ ቦታ 63፣ ሌላ ቦታ 34 ናቸው። የቱን ትመን? መጨረሻ ላይ ደግሞ ቬትናም ከእኛ ጋር ምንም የሚያገናኛት ነገር ስለሌለ ክፍሉ ማንቀላፋቱ አይቀርም ስትል አጉረመረመች። ክሩን ያረዘመው ይህ የመጨረሻው ነው።

መልስ 1 እና 2 እንደተለመደው ፈጣኖቹ ናቸው። አንዱ ሁሉም ነገር ዊኪፒዲያ ላይ ስላለ ከዚያ ገልብጠው እንዲገላገሉ መከረ። ሌላው የአገሩን ስም ለሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያ ሰጥተው አሥር ስላይድ ቢያዙት በአምስት ደቂቃ ያልቃል ባይ ነው። ቁጥሮቹ የተምታቱባት ለምን እንደሆነ ሁለቱም አልነኩትም።

መልስ 3 ላይ በመገለጫው የጂኦግራፊ መምህር መሆኑን የጻፈ ሰው እህቴ ብሎ በትሕትና ጀመረ። ፊተኞቹን አልነቀፈም። ዊኪፒዲያ ለመግቢያ ይጠቅማል፤ ዋናው ጥቅሙ ግን ከግርጌው ባለው የምንጭ ዝርዝር ነው አለ። የአማርኛው ገጽ አጭር ስለሆነ በእንግሊዝኛ ይፈልጉ፤ ሲፈልጉም የአገሩን ስም ብቻ ሳይሆን የፈለጉትን ነገርና ዓመቱን አብረው ይጻፉ። የመጀመሪያውን ቀን ግን ስልክ ሳይከፍቱ አምስቱም ተቀምጠው ስለ አገሩ የሚያውቁትንና ማወቅ የሚፈልጉትን በወረቀት እንዲያወጡ መከረ። በእሱ አስተያየት ቡድኖች የሚወድቁት ሥራውን ሲከፋፈሉ ነው፤ አንዱ አየር ንብረት፣ አንዱ ታሪክ፣ አንዱ ምግብ ይይዝና አምስት የማይተዋወቁ ጽሑፎች በተራ ይነበባሉ። መድኃኒቱ ሁሉንም ርዕስ የሚያስር አንድ ጥያቄ መምረጥ ነው። ለቬትናም የሚሆነውን እሱ ራሱ ጠቆመ። ቬትናም ከብራዚል ቀጥላ በዓለም ሁለተኛዋ ቡና አምራች ናት። እ.ኤ.አ. በ1986 በቡና ስሟ እምብዛም የማይነሣ አገር እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ እንዴት እዚያ ደረሰች? ሲዳማ ውስጥ ተቀምጦ ይህን የማይሰማ ክፍል የለም፤ መሬቱም፣ ታሪኩም፣ ኢኮኖሚውም በዚሁ ጥያቄ ሥር ይገባል።

መልስ 4 ወደ ሕዝብ ብዛቱ ተመለሰ። ጸሐፊው ከቁጥር ጋር የኖረ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። ሦስቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው አለ። 96.2 ሚሊዮን እ.ኤ.አ. በ2019 የተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ውጤት ነው። 98.9 ሚሊዮን የተባበሩት መንግሥታት በ2022 እትሙ ለ2023 የገመተው ነው። 100.3 ደግሞ ያው ድርጅት በ2024 እትሙ ለዚያው ለ2023 ያረመው ግምት ነው፤ የቬትናም የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤትም በ2023 ሕዝቡ 100 ሚሊዮን መግባቱን ገልጿል። ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን ዓመቱንና ያወጣውን አካል ሳይጽፉ ስላይድ ላይ ምንም ቁጥር እንዳያስቀምጡ አጥብቆ ነገራት። ከኢትዮጵያ ጋር ሲያወዳድሩ ደግሞ ሁለቱም ቁጥሮች ከአንድ ምንጭ፣ ለአንድ ዓመት ይሁኑ። የእኛ የመጨረሻ ቆጠራ በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ወደ 74 ሚሊዮን ነበርን። ይህን ይዞ ከቬትናም 100 ሚሊዮን ጋር ያስተያየ ተማሪ ቬትናም በሕዝብ ትበልጠናለች ብሎ ይደመድማል፤ ይኼ ደግሞ ስሕተት ነው። በተባበሩት መንግሥታት ግምት እ.ኤ.አ. በ2023 ኢትዮጵያ ወደ 129 ሚሊዮን፣ ቬትናም 100 ሚሊዮን ናቸው።

መልስ 5 በዚሁ ላይ አጭር ማሟያ ጨመረ። የሕዝብ ጥግግትም እንደዚሁ ሁለት መልክ አለው። 100.3 ሚሊዮንን ለጠቅላላው 331,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሲያካፍሉት 303 አካባቢ ይመጣል፤ የዓለም ባንክ ግን የውሃ አካላትን ቀንሶ በየብሱ ብቻ ስለሚያካፍል 320 አካባቢ ይላል። ራሳቸው ካካፈሉ የተካፈለበትን ስፋት ይጻፉ፤ ካልሆነ የአንዱን ተቋም ቁጥር እንዳለ ይውሰዱ።

ለእኔ የክሩ ምርጥ መልስ 6ኛው ነው። የ63 እና የ34ን ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር ፈታው፦ ቬትናም እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ክፍለ አገሮቿን አዋህዳ ከ63 ወደ 34 አውርዳለች፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የታተመ ካርታ፣ መጽሐፍና ድረ ገጽ 63 ይላል። ውጤቱን ግን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ሆ ቺ ሚን ከተማ ሁለት ጎረቤት ክፍለ አገሮችን ስለጠቀለለች ሕዝቧ በአንድ ቀን ወደ 14 ሚሊዮን ዘሏል። ከ2025 በፊት ከነበረው ቁጥር ጋር አያይዞ ከተማዋ በፍጥነት አደገች የሚል ቡድን ይሳሳታል፤ ያደገው ድንበሯ ነው። ተማሪዋ ነገሩን ለክፍሉ በቀላሉ ማስረዳት እንድትችልም ምሳሌውን ከደጃፏ አመጣላት። ሲዳማ ክልል የሆነው በሰኔ 2012 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የተጻፈ የውጭ ገጽ ሁሉ ሐዋሳን የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ዋና ከተማ ይላታል። ሃኖይ ያለ ተማሪ ዛሬ ያንን ገጽ ገልብጦ ስለ ኢትዮጵያ ገለጻ ቢያደርግ እኛ እንደምንስቀው፣ 63 ክፍለ አገር ብለን ስንናገርም እነሱ ይስቁብናል።

መልስ 7 ላይ ድምፁ ተለወጠ። ጸሐፊው በግልጽ ተሰላችቷል። መምህሩ ነጥብ የሚሰጠው ለዋና ከተማ፣ ለባንዲራ፣ ለሕዝብ ብዛትና ለገንዘቡ ስም ስለሆነ ልጆቹን የዩኒቨርሲቲ ጥናት አታሸክሟቸው ብሎ ገሠጸ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ለአሥር ማርክ ማን ይደክማል የሚል ንግግርም አለበት። ጨዋነት ቢጎድለውም ነጥቡ ባዶ አይደለም።

መምህሩ በመልስ 8 ሲመለስ አልተቆጣም፤ ሰዓቱን ከፋፍሎ አሳየ። አንድ ደቂቃ ተኩል ለአገሩ መታወቂያ፣ ማለትም ለቦታው፣ ለዋና ከተማው ለሃኖይ፣ ለሕዝቡ፣ ለቋንቋውና ለገንዘቡ ለዶንግ። ሁለት ደቂቃ ለመሬትና ለአየር ንብረት፣ ሁለት ለታሪክ፣ ሦስት ለቡናው፣ አንድ ደግሞ ከሲዳማ ጋር ለማያያዝ። የቀረችው ግማሽ ደቂቃ ተናጋሪዎቹ ሲቀያየሩ ትበላለች። ገለጻው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ተማሪ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ቃል ነው የሚናገረው፤ ለአምስቱም ተደምሮ 1,000 ቃል፣ ለእያንዳንዱ 200 ቃል ብቻ ማለት ነው። ጽሑፉ ከዚያ ከበለጠ ሲለማመዱ በስልክ ሰዓት ይዘው ይቁረጡ፤ በገለጻው ቀን በችኮላ በማንበብ አይካስም። ስለ ባንዲራውም አንድ ጠቃሚ ማስጠንቀቂያ ሰጠ። ሥዕል ሲፈለግ ሁለት ባንዲራ ይወጣል። የዛሬዋ ቬትናም ባንዲራ ቀይ መደብ ላይ አንድ ቢጫ ኮከብ ነው፤ ቢጫው ላይ ሦስት ቀጭን ቀይ መስመር ያለበት የቀድሞው የደቡብ ቬትናም ነው።

መልስ 9 አየር ንብረቱን በአጭሩ አረመ። ከ3 እስከ 8 ባለው ውስጥ ማንም በግልጽ ባይለውም፣ ቬትናምን ባለ አንድ አየር ንብረት ሞቃት አገር አድርጎ ማቅረብ የተለመደ ስሕተት ነው። ሰሜኑ ብርድ ያለበት ወቅት አለው፤ ሃኖይ በጃንዋሪ በአማካይ 17 ዲግሪ አካባቢ ናት። ደቡቡ ግን ዓመቱን ሙሉ ይሞቃል፣ ወቅቱም ዝናብና በጋ ብቻ ነው።

መልስ 10 የቀን አቆጣጠር ላይ ቆየ፤ ቢቆይም አይፈረድበትም፣ የቡድን ሥራዎች ሁሉ የሚበላሹት እዚያ ነው። ተማሪዎች ከአውሮፓው ዓመት ሁልጊዜ 7 ወይም ሁልጊዜ 8 ይቀንሳሉ። ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን ማለቂያ ድረስ 8 ይቀነሳል፤ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ 7። የቬትናሙ መሪ ሆ ቺ ሚን ነፃነት ያወጀው ሴፕቴምበር 2 ቀን 1945 ነው፤ ወሩ ሴፕቴምበር ስለሆነ ብቻ 7 ቀንሶ 1938 የሚል አለ፣ ነገር ግን ዘመን መለወጫ ገና አልደረሰምና ነሐሴ 27 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው። ጦርነቱ ያበቃበት አፕሪል 30 ቀን 1975 ሚያዝያ 22 ቀን 1967 ዓ.ም. ይሆናል። ዶይ ሞይ የሚባለው የኢኮኖሚ ማሻሻያ የታወጀው ዲሴምበር 1986 ላይ ስለሆነ 7 ተቀንሶ 1979 ዓ.ም. ነው። ስላይዱ ላይ የአውሮፓውን ብቻ ጽፈው የእኛን በቃል እንዲናገሩም መከረ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን የጻፈ ቡድን የትኛው የቱ እንደሆነ ራሱም ይጠፋዋል። ቀጥሎ ያመጣው ማያያዣ ግሩም ነው፦ የገጠር መሬት አዋጁ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ሳይጎን፣ የዛሬዋ ሆ ቺ ሚን ከተማ፣ የተያዘችው ከሁለት ወር በኋላ። ሁለቱ አገሮች የመሬት ጥያቄያቸውን በአንድ ዓመት ውስጥ በየፊናቸው ሲያገላብጡ ነበር ማለት ይቻላል።

መልስ 11 ቱግ ብሎ መጣ። ቬትናም በተባለ ቁጥር ጦርነት ብቻ ለምን ይነሣል፣ ሁለት ደቂቃው በሄሊኮፕተር ሥዕል ያልቃል ብሎ 10ኛውን ወረፈው። 10ኛው ጦርነትን ያነሣው በአንድ ቀን ብቻ ስለነበር ወረፋው አላግባብ ነው። መልስ 12 ግን ከጠቡ ጥሩ ነገር አወጣ። ታሪኩን በአራት ቀን ማሳጠር ይቻላል፦ 1945 የነፃነት አዋጅ፣ 1954 ፈረንሳይ በዲየን ቢየን ፉ ተሸንፋ አገሪቱ በ17ኛው ኬክሮስ ለሁለት የተከፈለችበት፣ 1975 ጦርነቱ ያበቃበት፣ 1986 ማሻሻያው። ለእያንዳንዱ ሠላሳ ሰከንድ። የሟቾችን ቁጥር መጥራት ከፈለጉ ደግሞ ምንጮች በሰፊው ስለሚለያዩ አንድ ቁጥር መርጠው እንደ እውነት አያቅርቡ፤ ግምቱ የማን እንደሆነ ይናገሩ።

መልስ 13 ረጅሙ ነው፤ ቡናን ከማሳው እስከ ገበያው የሚያውቅ ሰው ጽፎታል። መጀመሪያ 3ኛውን መልስ በአክብሮት አረመ፤ ቡና በ1986 አልተጀመረም። የፈረንሳይ ሚሲዮናውያን ያመጡት በ1857 አካባቢ ነው፣ በመካከለኛው ደጋማ አካባቢም በቅኝ ግዛት ዘመን እርሻዎች ነበሩ። ከ1986 በኋላ የሆነው መስፋፋት ነው፤ ገበሬው መሬት በስሙ ይዞ ምርቱን በገበያ ዋጋ እንዲሸጥ ተፈቀደለት፣ መንግሥትም ሰው ወደ ደጋማው አሰፈረ። ቀጥሎ ልጆቹ ሊስቱት የማይገባውን ልዩነት አስቀመጠ። ከቬትናም ቡና ከመቶ 90 በላይ የሚሆነው ሮቡስታ ነው፤ የእኛ አረቢካ ነው። የቡና መዲና የምትባለው ቡኦን ማ ቱኦት 500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ የሲዳማ ቡና የሚበቅለው ግን በአብዛኛው ከ1,500 ሜትር በላይ ነው። ሮቡስታ ዝቅታን ይችላል፣ ብዙ ያፈራል፣ ዋጋው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአረቢካ ያነሰ ነው። በሄክታር እነሱ ከ2 ቶን በላይ ያገኛሉ፣ እኛ በአማካይ 1 ቶን አንሞላም። ምክንያቱ ዝርያው ብቻ አይደለም፤ በደረቁ ወቅት ከጃንዋሪ እስከ አፕሪል የከርሰ ምድር ውሃ ስበው ያጠጣሉ፣ ማዳበሪያም በብዛት ይጨምራሉ። ዋጋውም አለው፤ በየዓመቱ የጉድጓዱ ውሃ እየራቀ አፈሩም እየደከመ ነው። ይህን የዘለለ ገለጻ የቬትናምን ግማሽ ነው የሚናገረው አለ።

የመለኪያው ጉዳይም ከዚሁ ሰው መጣ። የዓለም ገበያ ቡናን በ60 ኪሎ ከረጢት ይቆጥራል፣ አንዳንድ ገጽ በቶን፣ የእኛ ሰው በኩንታል። የቬትናም የዓመት ምርት ከ25 ሚሊዮን ከረጢት በላይ ነው ሲባል ከ1.5 ሚሊዮን ቶን በላይ፣ ወይም ከ15 ሚሊዮን ኩንታል በላይ ማለት ነው። ከረጢቱን ኩንታል ብሎ የተረጎመ ቡድን ምርቱን በሁለት ሦስተኛ ያሳብጠዋል። የቡና ዓመት ከኦክቶበር እስከ ሴፕቴምበር ስለሆነ 2022/23 ተብሎ የተጻፈውን ቆርጦ 2022 ማድረግም አይቻልም።

መልስ 14 አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ ታዲያ ይህ ሁሉ ለሲዳማ ገበሬ ምኑ ነው? 13ኛው በመልስ 15 ተመልሶ ክሩን ከአርዕስቱ ጋር ያገናኘው እዚህ ላይ ነው። የቡና ላኪና ገዢ አገሮች የኮታ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1989 ፈረሰ፤ ገበያው ልቅ ሆነ። ቬትናምም ብራዚልም ምርት ጨመሩ፣ ገበያው ጠገበ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም አማካይ ዋጋ በአንድ ፓውንድ ክብደት ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። ያኔ እዚህ ብዙ የቡና ገበሬ ማሳውን ጥሎ ወደ ጫት ዞሯል። በቬትናሙ የቡና ክፍለ አገር ዳክ ላክ ላይ የተተከለ ዛፍ ይርጋለም ላይ የልጅ ደብተር ነካ ማለት ነው። ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ በቬትናም ላይ እንዳይጭኑ አስጠነቀቀ፤ ብራዚልም አለችበት፣ የኮታው መፍረስም አለበት፣ አንድ ምክንያት ብቻ የሚሰጥ ተማሪ በጥያቄው ሰዓት ይያዛል።

ከ16 እስከ 19 ያሉት መልሶች ከመንገድ ወጡ፤ ክር ስለሆነ አይደንቅም። አንዱ ሮቡስታ ቡና ሳይሆን የጎማ ሽታ ነው ብሎ ተሳለቀ። ሌላው ሮቡስታ የካፌይን መጠኑ የአረቢካን እጥፍ እንደሚጠጋና በቅጽበታዊ ቡና ቆርቆሮዎች ውስጥ በብዛት ያለው እሱ እንደሆነ አስታውሶ፣ ሐዋሳ ሱፐር ማርኬት ገብቶ የሚገዛው ሁሉ ሳያውቀው እንደሚጠጣው ነገረው። ሦስተኛዋ የቬትናሞቹን ማንጠባጠቢያ፣ ኒኬል የመሰለችውንና ኩባያ አፍ ላይ የምትቀመጠውን ፊን፣ ከረጋ ጣፋጭ ወተት ጋር ገለጸችና ክፍል ውስጥ ከጀበና ጎን አቅርበው ቢያስቀምሱ ብላ ሐሳብ አቀረበች። መምህሩ ግን ክፍል ውስጥ ከሰል እንደማይፈቀድ፣ ቡና ሲታደል ደግሞ ከአሥር ደቂቃው አራቱ እንደሚሄድ አሳሰባት። 19ኛው ጭራሽ ወደ ዓሣ ገባ፤ የሜኮንግ ዴልታ ገበሬዎች በኩሬ የሚያረቡትን ፓንጋሲየስ ከአሞራ ገደል ቆሮሶ ጋር እያወዳደረ ሄደ። ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ ቦታው ግን እዚህ አልነበረም።

ወደ ሥራው የመለሳቸው መልስ 20 ነው፤ ስለ ካርታው። ቬትናም ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ጫፍ 1,650 ኪሎ ሜትር ያህል ትረዝማለች፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ ከዚያ ብዙም የማይራራቅ ስፋት አላት። አንዷ የቆመች፣ አንዷ የተኛች። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ጎን ለጎን ማሳየት መቶ ቁጥር ከመጥራት ይሻላል ይላል። በፍሊፕ ቻርት ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ለ25 ኪሎ ሜትር ቢይዙ ቬትናም 66 ሳንቲ ሜትር ትቆማለች። ኢትዮጵያም በስፋት ወደ 66፣ በቁመት ወደ 51 ሳንቲ ሜትር ይደርሳታል። የቬትናም ጠባቡ ወገብ 50 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ ወረቀቱ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ እጅ የሚሳሳተው እዚያ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ካርታው አገሩ 22 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን ተደርጎ ፎቶ ኮፒ ቤት በኤ4 ይታተም፤ በላዩ 2 በ2 ሳንቲ ሜትር አራት ማዕዘኖች ይሰመሩ፤ ፍሊፕ ቻርቱ ላይ ደግሞ 6 በ6። ከዚያ ካሬ በካሬ በእርሳስ መገልበጥ። ማርከር ወደ ታች ስለሚያልፍ ከሥር ጋዜጣ ይነጠፍ። መጨረሻ ወንበር 8 ሜትር ርቆ ከሆነ ፊደሉ ከ3 ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ፤ ለዚህም ሲባል ካርታው ላይ ከአራት ስም በላይ አይጻፍ፦ ሃኖይ፣ ሆ ቺ ሚን ከተማ፣ ቡኦን ማ ቱኦትና ሜኮንግ ይበቃሉ። 34ቱን ክፍለ አገሮች መሳል አያስፈልግም።

መልስ 21 በባሕሩ ላይ ያሉትን ፓራሰልና ስፕራትሊ ደሴቶች አስታወሰ። ቬትናምም ቻይናም የእኔ ናቸው ይላሉ፣ ሌሎችም አሉበት፤ ካርታውም እንደ አሳታሚው ይለያያል። ደሴቶቹን ከሳሉ ይገባኛል ባይ እንደበዛባቸው ይናገሩ፣ አለዚያ የብሱን ብቻ ይሳሉ።

መልስ 22 ስለ መሣሪያው ነው። ስላይዱን ከላፕቶፑ ላይ ወደ ፒዲኤፍ ቀይረው በፍላሽም በስልክም ይያዙ፤ የቬትናምኛ ስሞች በፊደሉ ላይ የድምፅ ምልክት ስላላቸው ፎንቱ የሌለው ኮምፒዩተር ላይ አራት ማዕዘን ሆነው ይወጣሉ፣ ፒዲኤፍ ግን እንዳለ ያሳያል። የትምህርት ቤት ፕሮጀክተር ብዙ ጊዜ የድሮው ሰማያዊ ባለ ብዙ ቀዳዳ ገመድ ነው፣ አዲስ ላፕቶፕ ደግሞ ያ ቀዳዳ የለውም፤ አስማሚው መኖሩን በዋዜማው ያረጋግጡ። መብራት ቢጠፋ ፍሊፕ ቻርቱ ብቻውን ገለጻውን እንዲሸከም ተደርጎ ይሠራ። ሥዕል በቴሌግራም ሲለዋወጡ እንደ ፎቶ ከላኩት ስለሚያንስ እንደ ፋይል ይላኩ። ዳታ ለመቆጠብ ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብበውን ኪዊክስ መጫን ይቻላል፤ ሙሉው የእንግሊዝኛ ፋይል ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት አካባቢ ስለሆነ ግን ለስልክ አይታሰብም፣ በርዕስ የተከፋፈሉትን ትንንሾቹን ይምረጡ። ያም ቢሆን ፋይሉ የተዘጋጀበትን ቀን ይዩ፤ ከጁላይ 2025 በፊት ከሆነ 63 ይላቸዋል።

መልስ 23 ላይ 2ኛው ሰውዬ ተመለሰ። ይህን ሁሉ መተግበሪያው በአንዴ ሊሠራው ሲችል ሰው በከንቱ ይደክማል ብሎ ተቆጣ፤ ሌሎቹን የድሮ ሰዎች እስከማለትም ደረሰ። የ6ኛው መልስ ጸሐፊ በ24 የሰጠው ምላሽ ስለታም ነበር፣ ግን መፈተኛ ይዞ ነው የመጣው። መተግበሪያውን ቬትናም ስንት ክፍለ አገር እንዳላት ይጠይቁት። 63 ካለ መረጃው ያረጀ ነው። 34 ካለም ከየት እንዳገኘው ይጠይቁትና የጠቀሰውን ገጽ ራሳቸው ይክፈቱ፤ ገጹ ከሌለ ወይም ሌላ ነገር ካለ፣ በሌሎቹ ዘጠኝ ስላይዶች ያለውም ያው ነው። ረቂቅ ጥያቄ ለማውጣት፣ ከባድ እንግሊዝኛ ለማቅለል ይጠቀሙበት፤ ቁጥር ግን ከእሱ አይወሰድ። 23ኛው ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

መልስ 25 የጠያቂዋ ናት። የቡናውን ጥያቄ መምረጣቸውን፣ ታሪኩን በአራት ቀን መቁረጣቸውን ነገረቻቸው፤ ሁሉንም ጋሼ፣ እትዬ እያለች አመሰገነች። አሁን የምትፈራው የጥያቄውን አምስት ደቂቃ ነው። መልስ 26 ሊመጡ የሚችሉትን ዘረዘረላት። አገሩን ማን ነው የሚያስተዳድረው? የኮሚኒስት ፓርቲው ብቻ፤ ኢኮኖሚው ግን ለግል ባለ ሀብት ክፍት ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮም የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ናት። ሀብታም ናት? እዚህ ሁለት ዓይነት ዶላር እንዳለ ይወቁ፤ በገበያ ምንዛሪ የነፍስ ወከፍ ገቢዋ በ2023 ከ4,000 ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል፣ በመግዛት አቅም ሲሰላ ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። ከእኛ ጋር ሲያወዳድሩ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የእኛ የዶላር ቁጥር ስለተቀየረ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን አይቀላቅሉ። እዚያ አሁን ስንት ሰዓት ነው? በአራት ሰዓት ይቀድሙናል፤ እዚህ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ሃኖይ በእኛ አቆጣጠር ቀን 7 ሰዓት ነው። ሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ አጠገብ የሚኖር ልጅ ደግሞ ስለ ልብስ ስፌት መጠየቁ አይቀርም፤ ቬትናም በዓለም ትልልቅ ልብስ ላኪዎች ተርታ ናት፣ ረጅም የባሕር ዳርቻዋና ወደቦቿ ጭነቷን ያቀልሉላታል፣ እኛ ግን በጅቡቲ እንዞራለን።

መልስ 27 ከአዳማ የመጣ ነው። ለእሱ ቡድን ቦሊቪያ ደርሶታል፤ ዋና ከተማዋ ላ ፓዝ ናት ወይስ ሱክሬ ብሎ ጠየቀ። መምህሩ በመልስ 28 መለሰለት። በሕገ መንግሥቱ ዋና ከተማዋ ሱክሬ ናት፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እዚያ ነው፤ መንግሥቱና ምክር ቤቱ ግን ላ ፓዝ ተቀምጠዋል፣ ስለዚህ ሁለቱንም ከነሥራቸው ይጻፍ። ለጥያቄ የሚሆነውንም ከአዳማ አውጥቶ ሰጠው። የጅቡቲ መንገድ በከተማው ውስጥ ያልፋል፣ ቦሊቪያም እ.ኤ.አ. ከ1879 ጀምሮ ከቺሊ ጋር ባደረገችው ጦርነት ባሕሯን አጥታ በ1904 ውል መሠረት ዕቃዋን በቺሊው አሪካ ወደብ ታስገባለች፤ የወደብ ኪራይና የጭነት መኪና ወረፋ ለሁለቱም አገር አንድ ዓይነት ራስ ምታት ነው። ዝርዝሩን ግን እዚህ አልጻፈለትም፤ ቬትናምን ፍለጋ የሚመጣ ሰው እንዳይደናገር የራሱን ክር እንዲከፍት ነገረው።